የኢንተርኔት መስመር አመራረጥ በጂንካና በደቡብ ኦሞ
ለነጋዴዎችና ለቤተሰባቸው የቀረበ ማብራሪያ

በደቡብ ኦሞ የሚኖር ነጋዴ «መስመር ተቋረጠ» የሚል ወሬ በሰማ ጊዜ ቀድሞ የሚያስበው ጎርፍ መንገዱን መቁረጡን ወይም የጭነት መኪና በመንገድ መሰናከሉን ነበር። በአሁኑ ጊዜ ግን ይኸው ቃል ሌላ ትርጉም ጨምሯል። መንገዱ ደኅና ሆኖ፣ መኪናው ተጭኖ፣ ሾፌሩም ተዘጋጅቶ ሳለ የኢንተርኔት መስመር በመጥፋቱ ብቻ ጭነቱ ከጂንካ ሳይንቀሳቀስ የሚውልበት ቀን አለ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የአዲስ አበባው አከፋፋይ ገንዘቡ በባንክ ሒሳቡ መግባቱን ካላረጋገጠ ዕቃውን አይለቅም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ሒሳብ በዲጂታል ክፍያ እንዲፈጸም በመወሰኑ ሾፌሩም በስልክ ካልከፈለ ከማደያ አይቀዳም። የንግድ ፈቃድ ማሳደስና ግብር ማስታወቅም እየዋለ እያደረ ወደ ኢንተርኔት ገብቷል። አስመጪውና ላኪውም የጉምሩክንና የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችን ፈቃድ የሚጠይቀው በ2012 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት በኩል ነው።

እንግዲህ መስመር መምረጥ እንደ ሚዛን መምረጥ፣ እንደ መጋዘን መከራየት ያለ የንግድ ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው። የሚያስገርመው ግን የኮረሪማን ጆንያ ሳያስፈታ፣ ሳያሸትና ሳያስመዝን የማይገዛ ነጋዴ፣ የኢንተርኔት መስመርን ሲገዛ ማስታወቂያ አይቶ ወይም ጎረቤቱን ጠይቆ ብቻ መፈረሙ ነው። የጎረቤት ምክር መልካም ነው፤ ነገር ግን በጎረቤት ቤት በደኅና የሚሠራ መስመር መቶ ሜትር ራቅ ብሎ ባለ ሱቅ ውስጥ ላይሠራ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ዋና ነገርም ይኸው ነው። ምርጫው ከኩባንያው ስም ወይም በማስታወቂያ ከተነገረው ፍጥነት ሳይሆን፣ እስከ ደጃፍ በእውነት ከሚደርሰው መስመር መነሣት አለበት።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ስልክም ሆነ፣ ኋላ በ1989 ዓ.ም. የመጣው ኢንተርኔት፣ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ብቻ ነበር። ድርጅቱ ስሙን ደጋግሞ ለውጦ በኅዳር ወር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ገበያውን ለሌሎች ከፈተ፤ ተቆጣጣሪ የሆነውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንንም አቋቋመ። ከዚያም በ2013 ዓ.ም. የኬንያው ሳፋሪኮም፣ ቮዳኮም፣ ቮዳፎን፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞና የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ፋይናንስ ድርጅት የተጣመሩበት ማኅበር በ850 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ፈቃድ ገዛ። በነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለሙከራ፣ በመስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ በይፋ ሥራ ጀመረ። ቁጥሩ በ09 የሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም፣ በ07 የሚጀምረው የሳፋሪኮም መሆኑን አሁን ሕፃን ልጅ ስንኳ ያውቀዋል።

ሁለት ኩባንያ መኖሩ መልካም ነው። ሆኖም በወረቀት ላይ ሁለት መሆን በእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት መሆን አይደለም። ጂንካ ከተማ አንድ ነገር ነው፤ ዲመካ፣ ቱርሚ፣ ወይም በኦሞ ወንዝ ዳር ያለው ኦሞራቴ ሌላ ነገር ነው። ከጂንካ ወደ ማጎ ፓርክ ቁልቁል የወረደ ሰው ስልኩ በየት ቦታ ዝም እንደሚል ከማንም በላይ ያውቃል። የአሪ ተራሮች ከጀርባ፣ ቆላው ከፊት የሆኑበት አገር ስለሆነ ኮረብታ አንዱን ሠፈር ከማማው ጋር ፊት ለፊት ሲያገናኝ ሌላውን ይጋርደዋል። በክልል ካርታ ላይ የተቀባ ቀለም ይህን ሁሉ አይናገርም።

ወደ ቤትና ወደ ሱቅ የሚገባው መስመር በአራት መንገድ ይመጣል፤ በመዳብ ሽቦ፣ በፋይበር፣ በሞባይል ሞገድና በሳተላይት።

የመዳብ ሽቦ ማለት ከመደበኛው ስልክ ጋር የሚመጣው አሮጌ መስመር ነው። በዚህ ሽቦ ላይ የሚሠራው ኤዲኤስኤል የተባለው ዘዴ፣ በተሻሻለው ዓይነቱ፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 24 ሜጋ ቢት ያህል ነው። ይህ ግን ለቴሌ ጣቢያው ቅርብ ለሆነ ብቻ ነው። ሽቦው በረዘመ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ከአንድ ወይም ከሁለት ሜጋ ቢት አይዘልም፤ ከዚያም ይጠፋል። የሚቆጠረው ደግሞ ሽቦው በየምሰሶው ዞሮ የተጓዘበት ርዝመት ነው እንጂ አሞራ የሚበርርበት አይደለም። ዝናብ ሲገባ ውሃ የገባበት መጋጠሚያ መስመሩን ያንተከትካል፤ በደረቅ ወራት ደኅና የነበረው በበልግ የሚታመመው ስለዚህ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ለላኪው ነው። በኤዲኤስኤል ከቤት ወደ ውጭ የሚላከው መልእክት ከሚመጣው እጅግ ያነሰ ፍጥነት አለው፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜጋ ቢት አይበልጥም። ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ ምንም አይደለም። የዕቃ ዝርዝር፣ የባንክ ሰነድና የትውልድ አገር ምስክር ወረቀት በስካነር አንሥቶ ለሚልክ ነጋዴ ግን ዋናው ቁም ነገር ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ኩባንያዎች ፍጥነትን የሚናገሩት በሜጋ ቢት ነው፤ ሰነድ የሚመዘነው ግን በሜጋ ባይት ነው። አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 20 ሜጋ ባይት የሚመዝን የሰነድ ጥቅል በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት በሚልክ መስመር ቢላክ፣ 20 በ8 ተባዝቶ 160 ሰከንድ፣ ማለት ወደ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ያውም መስመሩ ሳይቋረጥ። በመካከል የተቋረጠ እንደሆነ ብዙ ጊዜ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነው። በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት በሚልክ መስመር ያው ጥቅል በ16 ሰከንድ ያልቃል። ሻጭ «ፍጥነቱ ይህን ያህል ነው» ባለ ጊዜ እንግዲህ ገዢው «የሚቀበለው ነው ወይስ የሚልከው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ይህችን ጥያቄ የሚጠይቅ ደንበኛ ጥቂት ስለሆነ ሻጩ ራሱ መልሱን ለመፈለግ ወደ ውስጥ ይገባ ይሆናል።

ፋይበር ከሁሉ የበለጠ መስመር ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። መልእክቱ በመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን ስለሚሄድ እርጥበት አያበላሸውም፤ መብረቅም በክሩ ላይ አያልፍም። ለቤት በሚዘረጋው ዓይነት፣ ጂፖን በሚባለው፣ አንዱ ክር በሰከንድ 2.5 ጊጋ ቢት ያህል ይዞ ይመጣና በመከፋፈያ ሣጥን ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይታደላል፤ እስከ 20 ኪሎ ሜትርም ይደርሳል። ችግሩ አንድ ነው፤ እርሱም በደጃፍ ካላለፈ የለም። ፋይበር ከተማ ገብቷል ማለት ቤት ገብቷል ማለት አይደለም። ለባንክ፣ ለሆስፒታልና ለዩኒቨርሲቲ የተዘረጋ ገመድ በሱቁ ፊት ቢያልፍ ስንኳ የመከፋፈያ ሣጥን በአቅራቢያው ካልተተከለ ለሱቁ አይጠቅመውም። ስለዚህ ጥያቄው «ፋይበር አለ ወይ?» ሳይሆን «የቅርቡ መከፋፈያ ሣጥን የት ነው? ባዶ በር አለው ወይ?» መሆን ይገባዋል። መልሱ «አለ» ከሆነና ዋጋውም አቅምን ካልበለጠ፣ እንደ እኛ አስተያየት ሌላውን ማመዛዘን ድካም ነው።

ለአብዛኛው የደቡብ ኦሞ ነጋዴ ግን ጉዳዩ የሚያልቀው በሞባይል ሞገድ ላይ ስለሆነ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል።

የሞባይል መስመር በሁለት መልክ ወደ ቤት ይገባል። አንደኛው ስልክን ራሱን የዋይፋይ ምንጭ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ሲም ካርድ የሚገባበትን ራውተር ገዝቶ በአንድ ቦታ መትከል ነው። ለቤትና ለሱቅ ሁለተኛው ይሻላል። ስልክ በኪስ ተይዞ ይወጣል፣ ይደወልበታል፣ ባትሪው ያልቃል፤ ራውተሩ ግን ሞገዱ በሚበረታበት ቦታ ተተክሎ ይቀራል። ቦታው ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያና የቆርቆሮ ግድግዳ ሞገድን ይመልሳሉ። በሱቅ ጥግ፣ በብረት መደርደሪያ ኋላ፣ ከዘይት ጀሪካን በስተጀርባ የተቀመጠ ራውተር ከጥቅሙ ግማሹን አጥቷል። ያንኑ ዕቃ ከማማው ፊት ለፊት ባለው መስኮት አጠገብ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ያለ አንዳች ወጪ ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚያሻሽልበት ጊዜ አለ። አንዳንድ ራውተር የውጭ አንቴና የሚገጠምበት ቀዳዳ ስላለው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ለሚኖር ሰው ሲገዛ ይህን ማየት ብልኅነት ነው።

የሞገዱን ብርታት በግምት መናገር አያስፈልግም፤ ራውተሩ ወይም ስልኩ በቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ ዲቢኤም በሚባል መለኪያ ከዜሮ በታች ይጻፋል። ለፎር ጂ ከ-90 የተሻለ ማለትም ወደ -80 የቀረበ ከሆነ መልካም ነው፤ -110 እና ከዚያ የባሰ ከሆነ መስመሩ ይኖራል እንጂ አይሠራም። በስልክ ማያ ላይ የሚታዩት ዘንጎች ግን እንደየስልኩ ሥሪት ስለሚለያዩ አይታመኑም።

ይሁን እንጂ ሞገዱ የበረታ ሆኖ ሳለ ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ምክንያቱም አንዱ ማማ ያለውን አቅም በዙሪያው ላሉት ተጠቃሚዎች ሁሉ ያካፍላል። በጂንካ የቅዳሜ ገበያ ቀን ከገጠር የመጣው ሕዝብ ሁሉ ስልኩን ይዞ ሲወጣ፣ በቀይ አፈር ደግሞ ሐሙስ፣ በቱርሚ ሰኞ፣ በአንድ ማማ ሥር ያለው ሰው ቁጥር በአንድ ጊዜ ይጨምራል። እንግዲህ ነጋዴ መስመሩን አጥብቆ በሚፈልግበት ቀን መስመሩ የሚደክምበት ቀን ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ማንኛውንም የሞባይል መስመር ከመግዛት በፊት የሁለቱንም ኩባንያ ሲም ካርድ በትንሽ ጥቅል ሞልቶ፣ ራውተሩ ሊቀመጥበት በታሰበው ቦታ ቆሞ መፈተን ያስፈልጋል። ፈተናው በአንድ ጸጥ ባለ ማለዳ ቢደረግ ዋጋ የለውም። አንድ ጊዜ በገበያ ቀን ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ፣ አንድ ጊዜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ፣ አንድ ጊዜም ዝናብ ሲዘንብ ይደረግና የሚቀበለውም የሚልከውም ፍጥነት በደብተር ይጻፍ። ከሦስቱ ዝቅተኛው ቁጥር የመስመሩ እውነተኛ ዋጋ ነው። ሲም ካርድ በቀላሉ የሚገኝና ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ በመሆኑ፣ ይህን ያህል ርካሽ ፈተና ያለው ሸቀጥ በገበያ ውስጥ ብዙ የለም።

ምሽቱን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙው ባለሱቅ ከሱቁ በስተኋላ ወይም በአቅራቢያው ስለሚኖር የሱቁና የቤቱ መስመር አንድ ነው። ልጆች ትምህርታቸውን ይከታተላሉ፣ ቪዲዮ ያያሉ። በመካከለኛ ጥራት የሚታይ ቪዲዮ በሰዓት እስከ 1 ጊጋ ባይት፣ በከፍተኛ ጥራት ደግሞ እስከ 3 ጊጋ ባይት ይጨርሳል። በልክ የተገዛ የሞባይል ጥቅል ያለው ቤተሰብ አንድ ቅዳሜና እሑድ በፊልም ካሳለፈ፣ ሰኞ ጠዋት ባለሱቁ ለአከፋፋዩ ገንዘብ ሊልክ ሲል ጥቅሉን አልቆ ያገኘዋል። በዚህ ረገድ ወርኀዊ ሒሳብ ያለው ያልተገደበ መስመር በዋጋ ቢበልጥም ለቤተሰብ ሰላምን ይገዛል። ነገር ግን «ያልተገደበ» የሚለው ቃል በውል ውስጥ ድንበር ያለው ሊሆን ይችላል፤ ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ የሚቀንስ መሆን አለመሆኑን ከመፈረም በፊት ማንበብ ይገባል። ሆቴልና ምግብ ቤት ያላቸውም ለእንግዳ የሚሰጡትን ዋይፋይ ገንዘብ ከሚያንቀሳቅሱበት መስመር ለይተው፣ በራውተሩ ላይ የእንግዳ ኔትወርክ ቢከፍቱ ሁለት ጥቅም አለው፤ ምስጢራቸው ይጠበቃል፣ አቅሙም አይሻማም።

የኤሌክትሪክ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ በመስመሩ ላይ በስሕተት ይላከካል። የኦሞ ወንዝ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውንና 1870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ጊቤ ሦስትን ያንቀሳቅሳል፤ በዚያው ወንዝ ግርጌ ያለው ነጋዴ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ራውተሩ አብሮ ይጠፋበታል። (ይህን የምንለው ለቅሬታ አይደለም፤ ነገሩ ግን ማስደነቁ አልቀረም።) መብራት ሲጠፋ ማማው በራሱ ባትሪና ጄኔሬተር ሊቆይ ይችላል፤ የፋይበሩም ጣቢያ እንዲሁ። የሞተው የነጋዴው የራሱ ራውተር ብቻ ነው። ራውተር ደግሞ ጥቂት ኃይል የሚበቃው ዕቃ ነው፤ አብዛኛው በ12 ቮልት የሚሠራና 10 ዋት ያህል የሚወስድ ነው። 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት የሆነች ትንሽ ባትሪ በውስጧ 84 ዋት-ሰዓት ስለያዘች፣ ብክነቱ ተቀንሶ ራውተሩን ለ6 ሰዓት ያህል ታቆየዋለች። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ፀሐይ ብርሃን ሰሌዳ ቢጨመር ቆላው ፀሐይ አያሳጣም። ጄኔሬተር ለራውተር ማስነሣት ግን ፍየል ለመሸጥ ኤፍኤስአር መኪና እንደ መከራየት ነው። በተረፈ ኃይሉ ሲወጣና ሲወርድ ዕቃ ስለሚያቃጥል ስታቢላይዘር ማድረግ፣ መብረቅ በሚበዛበት ሰዓትም በመዳብ ሽቦ የሚሠራውን ሞደም ከሶኬትም ከስልክ ሽቦውም መንቀል የቆየ ጥንቃቄ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። ሥራው በመስመር ላይ የተመሠረተ ነጋዴ ሁለተኛ መስመር ያስፈልገዋል፤ ይህን ብዙዎች ያውቃሉ፣ ያደርጋሉም። ነገር ግን አንዱን ሲም ከአንዱ ኩባንያ፣ ሌላውን ከሌላው በመግዛት ብቻ ሁለት መንገድ አገኘሁ ማለት የተሳሳተ ግምት ሊሆን ይችላል። በአገራችን ሁለቱ ኩባንያዎች መሠረተ ልማት ይጋራሉ፤ ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ማማ ይከራያል፣ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም በከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ላይ የተዘረጋ ፋይበር ይከራያል። አሠራሩ ለአገር ወጪ ይቆጥባል፤ የሚነቀፍ አይደለም። ለነጋዴው ግን የሚያስከትለው ጥያቄ አለ። ሁለቱ ሲም ካርዶች በአንድ ማማ ላይ የተሰቀሉ ከሆነ፣ የዚያ ማማ ጄኔሬተር ነዳጅ ሲጨርስ ሁለቱም በአንድ ደቂቃ ይጠፋሉ። ማማዎቹ የተለያዩ ሆነው ስንኳ ከማማዎቹ ወደ መሀል አገር የሚወስደው ገመድ አንድ ሊሆን ይችላል። ገመድ ብዙውን ጊዜ መንገድ ተከትሎ ይዘረጋል። ከአርባ ምንጭ ወደ ጂንካ የሚያደርሰውም ዋና መንገድ በኮንሶ፣ በወይጦና በቀይ አፈር የሚያልፈው አንዱ ነው። የመንገድ ሥራ ኤክስካቫተር ወይም የጎርፍ ናዳ በአንድ ቦታ ገመድ በቆረጠ ጊዜ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በኪሱ ስንት ሲም ካርድ ቢይዝ አይረዳውም።

ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አንደኛው መስመር በጠፋባቸው ቀናት ሁለተኛው ሠርቶ እንደሆነ በሱቁ ደብተር ቀኑንና ሰዓቱን እየጻፉ መያዝ ይበቃል። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል። ሁለቱ ዘወትር አብረው የሚጠፉ ከሆነ ለሁለተኛው የሚከፈለው ገንዘብ በከንቱ ይወጣል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ተራ በተራ የሚጠፉ ከሆነ ግን እውነተኛ መጠባበቂያ ነው። ከቶውንም የተሻለው የሁለቱ ዓይነት መለያየት ነው፤ አንዱ በገመድ የመጣ፣ ሁለተኛው በሞገድ። በገመድ የመጣው ለዕለት ሥራ፣ የሞባይሉ ሲም ለችግር ቀን ይሁን። ሁለቱንም ለየብቻ ሙሉ ወርኀዊ ጥቅል መግዛት አያሻም፤ የመጠባበቂያው በትንሽ ሒሳብ ሕያው ሆኖ መቆየቱ በቂ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሚመጣ መስመር ሳተላይት ብቻ ነው፤ ከመንገድም ከማማም ጋር ጉዳይ የለውም። መንግሥት በወረዳ ኔት ሩቅ ወረዳዎችን፣ በትምህርት ቤት ኔት ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ያገናኘው በዚህ ዘዴ ጭምር እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። የቆየው ዓይነት ሳተላይት ከምድር 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኝ መልእክቱ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ ለንግግር ያስቸግራል፣ ለሰነድ ግን ይሆናል። እንደ ስታርሊንክ ያሉት አዲሶቹ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብለው ስለሚዞሩ መዘግየታቸው እጅግ ያነሰ ነው። ስታርሊንክ በኬንያ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ይሠራል፤ ኦሞራቴም ለኬንያ ድንበር ቅርብ በመሆኗ «ከዚያ ማዶ አንድ ሳሕን ብናሻግርስ?» የሚል ሐሳብ በአንዳንዱ ነጋዴ ልብ ሊገባ ይችላል። በዚህ ላይ ቃላችን አጭር ነው። በኬንያ የተሰጠ ፈቃድ በኢትዮጵያ ፈቃድ አይሆንም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትን በብዙ ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ሳተላይት የሚያስፈልገው የእርሻ ጣቢያ ወይም ሎጅ ያለው ሰው አስቀድሞ ከኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይጠይቅ።

የውል ነገር ላይ ጥቂት ቃል። መስመሩ በማን ስም እንደሚወጣ መታሰብ አለበት፤ በኪራይ ሱቅ ውስጥ በአከራይ ስም የወጣ መስመር ነጋዴው ሱቅ ሲቀይር አብሮት አይሄድም። ለመኖሪያ ቤትና ለንግድ ድርጅት ታሪፉም የብልሽት አጠጋገኑም ሊለያይ ስለሚችል ሁለቱን አስጽፎ ማመዛዘን ነው። ራውተሩ የተሸጠ ነው ወይስ የተዋሰ፤ ውሉ ሲቋረጥ ምን ይመለሳል፤ ብልሽት በተነገረ በስንት ቀን ይጠገናል፤ መስመሩ ለቀናት ቢጠፋ ወርኀዊው ሒሳብ ይቀነሳል ወይ? ብልሽት ሲመዘገብ፣ በኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ በሳፋሪኮም በ700 ሲደወል፣ የአቤቱታውን ቁጥር መቀበልና በዚያው ደብተር መጻፍ ያስፈልጋል። ኩባንያው መፍትሔ ሳይሰጥ ከቀረ ነገሩን ወደ ባለሥልጣኑ ማቅረብ የሚቻለው ማስረጃ በእጅ ሲኖር ነው። ሌላም አለ፤ ቴሌብርም ኤምፔሳም የተያዙት ከስልክ ቁጥር ጋር ነው። የቤቱን መስመር ወደ ሌላ ኩባንያ ያዛወረ ሰው ደንበኞቹ ገንዘብ የሚልኩበትን አሮጌ ሲም ካርድ ሊጥለው አይገባም።

በመጨረሻም ሁሉም መስመር አብሮ የሚጠፋበት ቀን ይመጣል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል በተቋረጠ ጊዜ የትኛውም ዓይነት ምርጫ አልጠቀመም። ያን ጊዜም ሆነ በተራው የብልሽት ቀን ኢንተርኔት ጠፍቶ የስልክ ጥሪ ብቻ የሚሠራበት ሰዓት አለ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ቴሌብር በ*127#፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ*889# ያለ ኢንተርኔት፣ በተራ ስልክ ስንኳ፣ ሊሠሩ ይችላሉ። ይህን አሠራር ባለሱቁ ብቻ ሳይሆን በሱቅ የሚቀመጠው ሠራተኛና የጭነቱ ሾፌር መስመር ደኅና በሆነበት ቀን አንድ ጊዜ ቢለማመዱት፣ የምስጢር ቁጥሩንም ቀደም አድርገው ቢያወጡ፣ በችግር ሰዓት መመሪያ ፍለጋ አይንከራተቱም። የአከፋፋዮች የባንክ ሒሳብ ቁጥርና ስልክም በስልኩ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ተጽፎ በገንዘብ መሳቢያው ውስጥ ይቀመጥ።